ጣቱ ከተቃና በኋላ፦ ከእግር አውራ ጣት ቀዶ ሕክምና አገግሞ ወደ እንቅስቃሴ ስለ መመለስ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ ቀዶ ሕክምናውን አድርጋችሁ እግራችሁ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ እየተጠባበቃችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ እናታችሁን ወይም የትዳር ጓደኛችሁን ለማስታመም የተዘጋጃችሁ ናችሁ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ የሚጀምረው የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ካበቃበት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ቀዶ ሕክምናው ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስላሉት ሳምንታትና ወራት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልበል። የተቆረጠ አጥንት ጊዜና ጥበቃ ካገኘ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይገጥማል። አረማመድ ግን በራሱ አይመለስም። ወደ እኔ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ጣታቸው ቀጥ ብሏል፣ ቁስላቸው ድኗል፣ የራጅ ምስላቸውም የሚያስደስት ነው፤ ሲራመዱ ግን የእግራቸውን የውጭ ጠርዝ ብቻ ይረግጣሉ። አውራ ጣታቸው መሬት አይነካም፤ ቢነካም አይገፋም። ለዓመታት ሲያማቸው የኖረውን ጣት መሸሽ ሰውነታቸው ተምሯል፤ ሕመሙ ሲለቅ ሽሽቱ አብሮ አልለቀቀም። ቀዶ ሐኪም ጣትን ያቃናል፤ ጣትን ወደ ሥራው የሚመልሰው ግን የታካሚው የዕለት ተዕለት ልምምድ ነው። ይህ ልምምድ የተጓደለበት ቀዶ ሕክምና ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ።

ምን እንደተደረገላችሁ ካላወቃችሁ እንዴት እንደምታገግሙ ማወቅ ያስቸግራችኋል። ቡኒየን ተብሎ የሚጠራው፣ ከአውራ ጣት ሥር በውስጠኛው ጎን የሚወጣው ጉብታ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አዲስ የበቀለ አጥንት አይደለም። ከእግር መካከል ተነስቶ እስከ አውራ ጣቱ ሥር የሚደርሰው ረጅም አጥንት ቀስ በቀስ ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ያፈነግጣል፤ አውራ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ያዘነብላል። ጉብታ መስሎ የሚታየው ሁለቱ የሚገናኙበት ጫፍ ወደ ጎን ተገፍቶ ሲወጣ ነው። በጤናማ እግር ላይ በጣቱና በረጅሙ አጥንት መካከል ያለው መዛነፍ ከ15 ዲግሪ አይበልጥም፤ ችግሩ ሲከፋ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከወላጅ የሚወረስ የእግር ቅርጽ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ጠባብና ታኮው ረጅም የሆነ ጫማ ደግሞ ያባብሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1923 ዴቪድ ሲልቨር የተባለ ሐኪም ጉብታውን ጠርቦ በዙሪያው ያሉትን ጅማቶች የማስተካከል ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ጉብታው በእርግጥ ይጠፋ ነበር፤ ነገር ግን ያፈነገጠው ረጅም አጥንት ከቦታው ስላልተነካ በብዙዎች ላይ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ የዛሬው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው አጥንቱን ራሱን ያቃናል። እስካሁን ከ100 በላይ የአሠራር ዓይነቶች ተጽፈዋል፤ ለእናንተ ግን በሦስት ቤተሰብ ከፍሎ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ረጅሙን አጥንት ቆርጦና አንሸራቶ በብሎን ማሰር ነው፤ በብዛት የሚሠራው ይህ ነው። ሁለተኛው ያፈነገጠውን አጥንት ከመሠረቱ፣ በእግሩ መካከል ካለው መገጣጠሚያ ላይ፣ አስተካክሎ እዚያው ማጋጠም፣ ማለትም ሁለቱ አጥንቶች አንድ ሆነው እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ዘዴው በጻፈው በፖል ላፒደስ ስም ይጠራል። ሦስተኛው መገጣጠሚያው በአርትራይተስ ለተበላ ሰው የሚደረግ ሲሆን የአውራ ጣቱን መገጣጠሚያ ጨርሶ ያጋጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ በዚያ ቦታ አይታጠፍም።

ይህን የምዘረዝረው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ የተጋጠመለት ሰው ከጎረቤቱ የሰማውን ጣት የማጠፍ ልምምድ ቢሠራ ሐኪሙ የሠራውን ያፈርሳል። አጥንቱ የተንሸራተተለት ሰው ደግሞ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ቢቀመጥ መገጣጠሚያው ይደርቅበታል። ስለዚህ ከሐኪማችሁ ክፍል ሳትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተቆረጠው ወይም የተጋጠመው የትኛው አጥንት ነው? በተረከዜና በእግሬ ፊት ላይ ክብደት ማሳረፍ የምጀምረው መቼ ነው? ጣቴን ማንቀሳቀስስ የምጀምረው መቼ ነው? መልሱን በወረቀት ያዙ። እኔ ዛሬ የምጠራቸው ሳምንታት የተለመዱት ናቸው፤ የእናንተን እግር ከፍቶ ያየው ሐኪም የሚላችሁ ከእኔ ቃል ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የእብጠት ሳምንታት ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚሰጠው ማደንዘዣ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ። በዚያ ሰዓት ሰው ምንም ስለማይሰማው «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» ብሎ ይነሳና ይንጎራደዳል፤ ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የታዘዘላችሁን ማስታገሻ መውሰድ የምትጀምሩት ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ከመልቀቁ በፊት ይሁን። ከባዱ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው።

እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ሲባል ብዙ ሰው በአጭር በርጩማ ላይ መዘርጋት ይመስለዋል። አይደለም። እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት ጀርባን አጋድሞ ከእግር ሥር ትራሶችን መደርደር ነው። ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመለሰው እንዲህ ሲሆን ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከምትነቁበት ሰዓት አብዛኛውን እንዲህ ብታሳልፉ፣ የምትነሱትም ለመታጠቢያ ቤትና ለምግብ ብቻ ቢሆን፣ በኋላ ብዙ ሳምንታት ታተርፋላችሁ። እብጠት የሚያሳምም ብቻ አይደለም፤ ስፌቱን ይወጥራል፣ ቁስሉ እንዳይገጥም ያዘገያል፣ መገጣጠሚያውንም ያደርቃል። አስታማሚዎች፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል። ቤት ውስጥ ሥራ ሲያዩ መቀመጥ የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ «እኔ አለሁ፣ ተኛ» የሚላቸው ሰው ለእነርሱ ከመድኃኒት እኩል ነው።

ሶሉ የማይታጠፈው ልዩ ጫማ የተሰጣችሁ በሚገባ ምክንያት ነው። ስንራመድ የእግራችን ፊት ይታጠፋል፤ ያ መታጠፍ ገና ያልገጠመውን አጥንት ይገፋዋል። ጫማው መታጠፉን ያስቀራል። ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ እንኳን ያለ እርሱ አትነሱ። ክራንች ወይም ምርኩዝ የተፈቀደላችሁም ለአቅመ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ማነከስን እንዳትለምዱ ነው። አልጋ ላይ ሆናችሁ ሐኪሙ ካልከለከለ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱ፣ ጉልበታችሁን አጥፉና ዘርጉ፣ እግራችሁን ሳታጥፉ ከጭን አንሱ። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደምን ወደ ላይ ይገፋል፤ የደም መርጋትንም ለመከላከል ይረዳል።

ስለ አደጋ ምልክቶች አንድ ጊዜ በግልጽ ልናገር፤ ሁላችሁም ስሙኝ። ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ በማስታገሻ የማይበርድና ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። ባታችሁ በአንድ በኩል ካበጠና ካመማችሁ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን መታየት አለባችሁ። ትንፋሽ ድንገት ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁም እለምናችኋለሁ፤ ኒኮቲን ትናንሽ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የአጥንትን መግጠምና የቁስልን መዳን በግልጽ ያዘገያል። ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ተዉት። የስኳር ሕመም ያለባችሁም የስኳር መጠናችሁን በእነዚህ ሳምንታት ከወትሮው በበለጠ ተቆጣጠሩ።

ስፌቱ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለብዙ ሰው በስሜት ከባድ ነው። ጠያቂ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ያን ያህል አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሥራም ወደ ስፖርትም አይኬድም። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ባላደርገው ይሻለኝ ነበር» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ከወራት በኋላ ሳገኛቸው ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። በዚህ ወቅት የሚሰማችሁን መከፋት እንደ መጥፎ ምልክት አትቁጠሩት። መንቀሳቀስ የለመደ ሰውነት ሲታሰር ይከፋዋል። ደግሞም ሙሉ በሙሉ መታሰር የለባችሁም፤ ተቀምጦ የሚሠራ የክንድ፣ የደረት፣ የጀርባና የሆድ ልምምድ አለ፤ በጎን ተኝቶ ጭንን ማንሳትም ይቻላል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሲመለሱ ጉልበታቸው ያን ያህል አልሸሻቸውም።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ጠባሳውን በጣት ማሸት ይጀመራል። ሽታ የሌለው ቅባት ተቀብቶ ቆዳውን በክብና በአግድም፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር እንዳይጣበቅ፣ በእርጋታ ማንቀሳቀስ ነው። በጣቱ ጎን መደንዘዝ ወይም የመንዘር ስሜት ቢኖር አትደንግጡ፤ ለቆዳው ስሜት የሚሰጥ ቀጭን ነርቭ በዚያ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ በወራት ይሻላል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ትንሽ ቦታ ደንዝዞ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ጣቱ እንግባ። ሐኪሙ አንቀሳቅሱ ሲላችሁ አንዱ እጃችሁ ከመገጣጠሚያው ወደ ኋላ ያለውን ረጅም አጥንት ይደግፍ፤ ሌላው እጃችሁ ጣቱን ከመገጣጠሚያው አጠገብ ይያዝ። ጫፉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ጫፉን ስትጎትቱ የሚታጠፈው ሌላኛው፣ ጥፍሩ አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ነው፤ እናንተም የሠራችሁ ይመስላችኋል። ጣቱን በቀስታ ወደ ላይ አንሱ፣ መወጠሩ ሲሰማችሁ ትንሽ ቆዩ፣ መልሱ። ከዚያም ወደ ታች። በቀን አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመሥራት በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መሥራት ይጠቅማል። መወጠር ይኑር፤ የሚወጋ ሕመም ግን አይኑር።

ለምን ወደ ላይ መታጠፉ ይህን ያህል ያሳስበኛል? በመደበኛ አረማመድ ተረከዛችን ከመሬት ሲነሳ አውራ ጣት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ጣቱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጠንካራ የውስጥ እግር ሽፋን እንደ ገመድ ይጠቀለልና ይወጠራል፤ የእግርን ቅስት ከፍ ያደርጋል፣ እግሩንም ለመግፋት የሚያመች ጠንካራ አካል ያደርገዋል። ጣቱ ካልታጠፈ ወይም ሰውየው ካልረገጠበት ይህ ሁሉ አይሠራም። ክብደቱ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ጣት ሥር ይሄዳል፤ እነዚያ ቀጫጭን አጥንቶች ደግሞ ለዚህ ሸክም አልተሠሩም። «አውራ ጣቴ ድኗል፣ አሁን ግን ከሁለተኛው ጣቴ ሥር ያመኛል» የሚለውን ቅሬታ የምሰማው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ አጥንቱ በቀዶ ሕክምናው ማጠሩ ወይም ከፍ ማለቱ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ አረማመዱ ነው፤ አረማመድ ደግሞ ይታረማል።

በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ራጅ ይነሳል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አጥንቱ ክብደት ለመሸከም የሚበቃ ትስስር ይፈጥራል፤ ይህ ግን የመጨረሻው ጥንካሬ አይደለም። አጥንት ራሱን እንደገና የሚያደራጀው በብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ነው። ስለዚህ «ራጁ ጥሩ ነው» ማለት «ሩጥ» ማለት አይደለም። ትርጉሙ «መራመድን እንደገና ተማር» ነው።

እንዴት ይማሩታል? መጀመሪያ ቆማችሁ። ሰፊ ጫማ አድርጋችሁ ወይም ምንጣፍ ላይ ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ያዙና ክብደታችሁን ቀስ ብላችሁ ከውጭው ጠርዝ ወደ አውራ ጣት ሥር አምጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል፤ እግሩ ይፈራል። ሰውየው አይፈራም፣ እግሩ ይፈራል፤ ጣቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ጉልበቱ ወደ ውጭ ይሸሻል። በትዕግሥት መልሱት። ቀጥሎ ከአውራ ጣታችሁ ሥር አንዲት ወረቀት አስቀምጡና ሌላ ሰው ለመሳብ ይሞክር፤ እናንተ ጣቱን ሳታጥፉ፣ ቀጥ እንዳለ መሬት ላይ ተጭናችሁ ወረቀቷን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቷ ያለምንም ትግል ትወጣለች። መያዝ የቻላችሁ ቀን የጣታችሁ ጡንቻ መንቃት ጀምሯል። ይህን ልምምድ እጅግ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ታካሚው ለውጡን በገዛ ዓይኑ ያየዋል።

ከዚያ ርምጃ ይከተላል። ርምጃውን አጭርና ቀርፋፋ አድርጉት። ተረከዝ ይረግጣል፣ ክብደቱ በውጭው በኩል ያልፋል፣ ከዚያም ወደ አውራ ጣት ሥር ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ አውራ ጣት መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። የመጨረሻዋን ቅጽበት አትዝለሏት። ሌላ ሰው በስልክ ከፊትና ከኋላ ይቅረጻችሁ፤ የሚያነክስ ሰው ማነከሱን ብዙ ጊዜ አያውቅም። የርምጃችሁንም ድምፅ አዳምጡ፤ ሁለቱ እግሮች የተለያየ ድምፅ ካላቸው የተለያየ ሥራ እየሠሩ ነው። አሥር ደቂቃ በትክክል መራመድ አንድ ሰዓት እያነከሱ ከመራመድ ይሻላል። ማነከስ ሲጀምር የዕለቱ ልምምድ አበቃ፤ እልህ እዚህ ቦታ የለውም።

የባት ጡንቻ በእነዚህ ሳምንታት በጣም ይሟሽሻል። በሁለት እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሳት ሐኪሙ ሲፈቅድ ይጀመራል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ፣ ክብደቱ በአውራና በሁለተኛው ጣት ሥር እንዲሆን ተጠንቀቁ። በአንድ እግር ማንሳት የሚመጣው ከዚያ ብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። በአንድ እግር መቆምንም ተለማመዱ፤ የዳሌ ጡንቻንም አትርሱ፤ ዳሌ ሲደክም ጉልበትና እግር ወደ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ጫናውም በተሠራው ጣት ጎን ላይ ያርፋል።

ወደ ስፖርት ስንመጣ ብስክሌት ለብዙዎች የመጀመሪያው በር ነው። ባለበት የሚቆመውን ብስክሌት ሐኪሙ ከፈቀደ ከሌላው ስፖርት ቀድሞ መጀመር ይቻላል፤ ፔዳሉ ከእግሩ ፊት ሳይሆን ከመካከሉ ወይም ከተረከዙ ሥር ይሁን። መዋኘት ደግሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ አይሞከርም። ከተዘጋ በኋላ ግን ውኃ ክብደትን ስለሚቀንስ በውኃ ውስጥ መራመድ በጣም ያግዛል። የመዋኛውን ግድግዳ በእግር ገፍቶ መነሳት ግን ይቆይ።

ሩጫን የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ዓይናችሁ ይናገራል። ስንሮጥ እያንዳንዱ ርምጃ ከክብደታችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ወደ እግራችን ያመጣል። አጥንቱ ለተንሸራተተላቸው ሰዎች ሩጫ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር በኋላ ነው። እኔ ግን ከወሩ ይልቅ እግሩን አያለሁ። ለ30 ደቂቃ በፍጥነት ስትራመዱ አታነክሱም? በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን ደጋግማችሁ ማንሳት ትችላላችሁ? በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ አልጨመረም? ለሦስቱም መልሱ መልካም ከሆነ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ ርምጃ እያላችሁ፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ በሜዳማ ቦታ ጀምሩ። የሩጫውን ደቂቃ ካራዘማችሁ በዚያው ሳምንት ፍጥነቱን አትጨምሩ። መዝለል፣ ድንገት መታጠፍና መቆም ያለባቸው እንደ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ያሉ ጨዋታዎች እንዲሁም ውዝዋዜ ብዙውን ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሕመምን እንዴት እንደምትለኩት ልንገራችሁ። ከዜሮ እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ ሦስት የሚደርስ፣ እንቅስቃሴው ሲያበቃ የሚቀንስ፣ በማግስቱ ጠዋትም ወደ ነበረበት የሚመለስ ሕመም ይታገሱታል። በማግስቱ ከበፊቱ የባሰ ሕመም፣ ድርቀት ወይም እብጠት ካለ የትናንቱ መጠን በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ እግሩ የነገራችሁን መስማት ነው። አንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነካ የሚወጋና በየቀኑ የሚብስ ሕመም ግን ለሐኪም ይነገር፤ አጥንቱ አልገጠመ ወይም በሌላ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጫማ አጭር ቃል አለኝ፤ አጭር ቢሆንም ከልቤ ነው። ያን ሁሉ ሕመም አልፋችሁ እግራችሁን ወደ ጠባብ ጫማ እንድትመልሱት አልፈልግም። ቆማችሁ እግራችሁን በወረቀት ላይ በእርሳስ ዙሩበትና ጫማውን በሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። ጫማው ከሥዕሉ ከጠበበ የእናንተ አይደለም። ጫማ የምትለኩት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ባበጠበት ሰዓት፣ ቆማችሁ ይሁን። ጣቱ ተመልሶ በመዛነፉ የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ መመለሱ ሁልጊዜ የጫማ ጥፋት አይደለም፤ የጫማው ድርሻ ግን በእጃችን ያለው ድርሻ ነው።

ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ልስጥ።

አንዲት እናት «ስድስት ወር ሆኖኛል፤ ማታ ማታ ግን አሁንም ያብጣል። ሕክምናው አልተሳካም ማለት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አይደለም እናቴ። እብጠት ለስድስት ወር፣ ለአንዳንድ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቆያል። ጠዋት የሚቀንስ፣ ማታ የሚመጣ፣ ሕመምና መቅላት የሌለው እብጠት የማገገም አካል ነው። የቀዶ ሕክምናውን የመጨረሻ ውጤት ከዓመት በፊት አንፈርድበትም። ማታ እግርዎን ከፍ አድርገው ይቀመጡ፣ የጣት ልምምዱንም አያቋርጡ።

ስለ መኪና መንዳት የተጠየቀው ጥያቄ መልሱ የትኛው እግር ነው የሚለው ላይ ያርፋል። ቀኝ እግር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት በፊት አይፈቀድም፤ ልዩ ጫማውን አድርጎ መንዳትም አይቻልም። ዋናው ጥያቄ ፍሬኑን ድንገት፣ በሙሉ ኃይል፣ ሕመም ሳያስፈራችሁ መርገጥ ትችላላችሁ ወይ የሚለው ነው። ወደ ሥራ መመለስም እንዲሁ ነው፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እግሩን ከፍ ማድረግ ከቻለ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ግን ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ያስፈልገው ይሆናል።

ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ ማድረግ ይሻላል ወይ ለተባለው፣ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ ግን ከማገገም አንጻር ስመለከተው አንዱ ድኖ ሌላው ቢቀጥል እመርጣለሁ። አንድ ጤነኛ እግር ያለው ሰው ሳያነክስ መራመድን ቶሎ ይማራል፣ መውደቅንም ያን ያህል አይፈራም።

የመጨረሻው ጥያቄ የወንድማችን ነው፤ የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ተጋጥሞለታል፣ ተራራ መውጣትም ይወዳል። ወንድሜ፣ ያ መገጣጠሚያ ከእንግዲህ አይታጠፍም፤ እንዲታጠፍም አትታገለው። አጥንቱ መግጠሙ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ብዙ ሰው ረጅም መንገድ ይራመዳል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ የሚሮጡም አሉ። ፊቱ ወደ ላይ የተቀለበሰና ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ፈልግ፤ ጣትህ መታጠፍ ያልቻለውን ጫማው በመንከባለል ይሠራልሃል። ረጅም ታኮና በጣት ጫፍ ቁጢጥ ማለት ያስቸግርሃል። ዳገቱን በአጭር ርምጃ ጀምር፣ ቁልቁለቱን ከዳገቱ ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ለመጀመሪያዎቹ መንገዶች ምርኩዝ በሁለት እጅህ ያዝ።